ወይዘሮ መጀመሪያ እና ነጩ ካርድ

አምቡላንሱ እንዲወጣ የግቢውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቁልፉ አልገባ ቢለው ከእጁ ነጠቅኩት። መኪናው ከግቢው ሳይወጣ ወደ ክፍል ተመልሼ ሮጥኩ። እዚያ ሰባት ልጆች አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ከተው፣ አንዱን ባዶ አድርገው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንዳቸውም አላለቀሱም። አንዳቸውም አልተነሱም። የሚጠብቁት "ከዚያ" የሚለውን ቃል ነው። ቃሉን የምትናገረው ሴትዮ ደግሞ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ በቃሬዛ ሄዳለች።

ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ፍርሃቱ ይበላኛል። እስኪ ስለሷ ልንገራችሁ።

እንደሷ ያለች ሴት የሌለችበት መሥሪያ ቤት አሳዩኝ። ባንክ ግቡ፣ ክሊኒክ ግቡ፣ ፖስታ ቤት ግቡ፣ አንዲት አትጠፋም። ስሟ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የኃላፊዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። በወረቀት ከሁሉም በታች ነች። ግን ወንበሯ ላይ ማንም አይቀመጥም። አለቃው አዲስ ነገር ሲያስብ መጀመሪያ የሷን ፊት አየት ያደርጋል። ፊቷ ካልጣመው ሐሳቡን ዋጥ አድርጎ ስለ አየሩ ያወራል።

የኛዋ በወረቀት "ረዳት" ነች። የምትረዳው አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ የተሰበረ ወንበር የሚጣልበት መጋዘን ነበር፤ አሁን የኛ ልጆች ይማሩበታል። አንዳንድ የግቢው ሰዎች ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልታያቸውም። ልጆቹ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ናቸው። አብዛኞቹ ኦቲዝም ያለባቸው፣ አንዷ የማትሰማ፣ አንዱ እግሩ የማይታዘዘው። መምህራን በየስድስት ወሩ ይቀያየራሉ። እሷ ግን እዚህ ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

የኛ ልጆች ቀጥሎ የሚመጣውን ካላወቁ ዓለም ይፈርስባቸዋል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ለየልጁ አንድ አንድ ረጅም ካርቶን አለ። ካርቶኑ ላይ የሥዕል ካርዶች በተራ ተለጥፈዋል፦ ጫማ፣ ዥዋዥዌ፣ እጅ መታጠብ፣ ምሳ፣ ቤት። አንዱ ነገር ሲያልቅ ካርዱ ይነሳና ሳጥን ውስጥ ይገባል። እሷ ደግሞ በጣቷ እያሳየች ትላለች፦ "መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ዥዋዥዌ።" ሌላ ወሬ የለም። ለዚህ ነው ፊት ለፊት "እትዬ" የምንላት እናቶች ከኋላዋ ክብርት ወይዘሮ መጀመሪያ ያልናት።

ችግሩ ክብርት ወይዘሮ ልጅና አዋቂ አይለዩም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ስልክ እያወራ ሳያንኳኳ ገባ። ክፍሉ ውስጥ በር ድንገት ሲከፈት ራሱን የሚመታ ልጅ አለ። "መጀመሪያ ማንኳኳት፣ ከዚያ መግባት" አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው። ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ትንሽ ቆመና ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ፤ በሩን ዘጋና አንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ዳይሬክተሩ።"

"ልጆቹ እያረፉ ነው ጌታው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመለሱ።"

ተመለሰ። እውነቴን ነው፣ በሩብ ሰዓቱ ተመለሰ።

ሌላ ጊዜ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ እርዳታ ሰጪዎች ከነካሜራቸው መጡ፤ አርባ ፊኛ ይዘዋል። እሷ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። "መጀመሪያ ፊኛው ከግቢ ይውጣ፣ ከዚያ ፎቶ።" ለልጆቹ ነው እኮ ያመጣነው ቢሏት፣ "ሲፈነዳ የሚጮኹትም እነሱ ናቸው" አለች። ያን ቀን ምስኪኑ ዘበኛ አርባ ፊኛ በእጁ ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ ዋለ። አላፊ አግዳሚው ስንት ነው ዋጋው እያለ ይጠይቀዋል።

ከኔ ጋርማ እሳትና ጭድ ነበርን። ልጄን ያመጣሁት በአራት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፣ ሰው እጅ እየጎተተ ያዛል። እሷ "አለቃ" አለችው። እኔን ግን ግቢ እንኳ አታስገባኝም ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ፍርሃትሽ ይጋባል። እሱ የሚያነበው ፊትሽን ነው፣ ሌላ ደብተር የለውም። መጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ፣ ከዚያ ተቀበይው።" የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩት እሱን አርግዤ ነው፤ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ እንዴት እንደረገምኳት እኔና አጥሩ ነን የምናውቀው።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ለእናቶች አግዳሚ ወንበር ተደረገልን። እሱንም ዝም ብላ አታስቀምጠውም። አንድ ቀን ፀሐይ ነው ብላ ትገፋዋለች፣ አንድ ቀን ዝናብ ያገባል ብላ፣ አንድ ቀን ልወለውል ነው ብላ። ሴትዮዋ ዕቃ ማንቀሳቀስ ያማታል እንል ነበር።

አለቃ ሽንት ቤት ይፈራል። ውኃው ሲለቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ያሳብደዋል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጫል። ክብርት ወይዘሮ የሱን ትንሽ ወንበር ወሰደች፤ ኮሪደሩ ጫፍ አስቀመጠችው፤ በወንበሩ እግር ዙሪያ በጠመኔ መስመር አሰመረች። በማግስቱ ወንበሩን አንድ ስንዝር ወደ ሽንት ቤቱ አስጠጋችው፤ ሌላ መስመር። በማግስቱ ሌላ ስንዝር። ሲያለቅስ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። የጽዳት ሠራተኛዋ መስመሩን እንዳታጠፋ ተነግሯት መወልወያዋን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም እየተጠነቀቀች ነበር የምትይዘው። አንድ ወር ሲያልፍ አላስችል አለኝ።

"እትዬ፣ በዚህ አያያዝ ልጄ ሽንት ቤት የሚገባው ጢም ሲያበቅል ነው።"

"መላጨትም እናስተምረዋለን። መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ጢም።"

አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ገባ። ውኃውንም ራሱ ለቀቀው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ሳለቅስ እሷ "ጠመኔው አለቀ" ብላ ሌላ ልታመጣ ሄደች።

በጣም የተጣላነው ግን በነጩ ካርድ ነው። ሳጥኗ ውስጥ ምንም ያልተሳለባቸው ነጫጭ ካርዶች አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሆን ብላ ከግድግዳው አንዱን ካርድ ታነሳና ነጩን ትለጥፋለች። ነጩ ጋ ሲደረስ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። አንዳንዴ በኋለኛው በር ይወጣሉ፣ አንዳንዴ ቦታ ይቀያየራሉ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ልጄ አርባ ደቂቃ ጮኸ፤ እጁን እስኪደማ ነከሰ። ዘልዬ ገባሁባት። አንቱ ማለቱንም በንዴት ረሳሁት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ማስጮህ ነው ሥራሽ?"

የልጄን እጅ በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። "ቤታችሁ መብራት አይጠፋም?"

"ይጠፋል።"

"ውኃስ?"

"ይጠፋል።"

"ሰውስ?"

የልጁ አባት ለሥራ ብሎ ከወጣ ያኔ ሦስት ወሩ ነበር። ቤታችንም ባለው የሱ ካርቶን ላይ ከእንቅልፍ በፊት ያለው ካርድ የአባቱ ፎቶ ነው። አመሻሽ ላይ አባቱ ሲመጣ ሱቅ ድረስ ይወስደው ስለነበር ልጄ በየቀኑ ጫማውን አድርጎ በሩ ስር ይቀመጣል። እንቅልፍ እስኪጥለው አይነሳም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ያን ቀን ነገርኳት።

"ፎቶውን አንሺው" አለችኝ። "ቦታውን ግን ባዶ እንዳትተይው። ባዶ ሲያይ ይጠብቃል። ነጩን ለጥፊበት።"

"ነጩ ምን ማለት ነው እሺ? ይመጣል ነው አይመጣም?"

"አላውቅም ማለት ነው። ለልጅ አላውቅም ማለት ነውር የለውም። ነውሩ ውሸቱ ነው።"

በሦስተኛው ሳምንት ጫማውን አወለቀ።

እንግዲህ ዛሬም ማክሰኞ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አንድ እናት በተራ ክፍል ውስጥ ትውላለች፤ ዛሬ የኔ ተራ ነበር። ከዥዋዥዌው በፊት ልጆቹን መሬት አስቀምጣ፣ የአለቃን የጫማ ክር ለማሰር ተንበረከከች። "መጀመሪያ ጫማ" አለች። ከዚያ ዝም። ማክሰኞ ስለሆነ ነጩን ልታወጣ መሰለኝ። ልጆቹም እንደዚያ ነው የመሰላቸው፤ አንድ ጫማ እንዳጠለቁ አቆሙ። እሷ ቀስ ብላ ወደ ጎን አዘነበለች፤ ራሷ የልጄ ጭን ላይ አረፈ። ልጄ ጭኑ ላይ ሰው አያስጠጋም። ዛሬ ግን አልገፋትም።

አዲሷ መምህርት ስልክ ይዛ እያለቀሰች ወጣች። የቃሬዛ ሰዎች ሲመጡ ቦታ ጠቧቸው ከልጆቹ ጠረጴዛ አጠገብ የነበረውን የእናቶቹን አግዳሚ በእግራቸው ገፉት።

ከዘበኛው ጋር ስታገል ቆይቼ በሩጫ ስመለስ አንድ ነገር አየሁ። አግዳሚው ከነበረበት ስር፣ መሬቱ ላይ፣ የጠመኔ መስመር አለ። ከሱ ቀጥሎ ሌላ፤ ከሱም ቀጥሎ ሌላ። በስንዝር በስንዝር ከኮሪደሩ ይነሱና በበሩ አልፈው እስከ ልጆቹ ጠረጴዛ ይደርሳሉ። ፀሐይ አልነበረም። ዝናብም አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ስገባ ኖሬያለሁ።

ሰባቱም ያዩኛል። አፌን ነው የሚያዩት።

"መጀመሪያ ጫማ" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ባዶ እግሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ ጫማ ገቡ። "ከዚያ ዥዋዥዌ።" ተነሱ። እኔም እንባዬን ጠርጌ ተከተልኳቸው፤ ባልጠርገው የምትቆጣኝ መስሎኝ።

ቀትር ላይ ዳይሬክተሩ እናቶችን በር ላይ ሰበሰበን። ረዳት እስኪገኝ ክፍሉ ለጊዜው ይዘጋል አለን። እዚህ ግቢ ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያው ለጊዜው ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው። "ልጆቹ ቤት ቢቆዩ ለነሱም እረፍት ነው" ሲለን አንዷ እናት "መጀመሪያ ረዳት ፈልግ፣ ከዚያ ዝጋ" አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ገባ። አመሻሽ ላይ መምህርቷ ከሆስፒታል ደወለች። እትዬ ቃል አይወጣትም። ቀኝ እጇ አይንቀሳቀስም፤ ካርዱን የምታሳይበት እጇ ነው። ሐኪሞቹ ጠብቁ ብለዋል።

አሁን መሽቷል። አለቃ ጫማውን እንዳደረገ በሩ ስር ቁጭ ብሏል፣ እንደ ድሮው። ምሳም አልበላ፣ እራትም አልበላ። ይህን ሁሉ በሱ የሥዕል ደብተር ጀርባ ስጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም። ማንን እንደሚጠብቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ካርቶኑ ላይ ከእንቅልፍ ቀጥሎ የነገ ጠዋት የትምህርት ቤት ካርድ አለ። አነሳሁት። ባዶውን ቦታ አየና መወዛወዝ ጀመረ። የሷን ሳጥን ይዤው መጥቻለሁ፤ ማንም ውሰጂ አላለኝም። ነጩን አውጥቼ ለጠፍኩ።

ተነስቶ መጣ። ካርዱን በጣቱ ነካው። ከዚያ አፌን ያይ ጀመር።

"መጀመሪያ እንቅልፍ" አልኩት።

ጠበቀ።

"ከዚያ... አላውቅም።"

ከዚያ ቁጭ ብሎ የአንዱን ጫማ ክር ፈታ፣ አወለቀው፣ ከግድግዳው ጋር አስተካክሎ አስቀመጠው። አንዱ ጫማ ግን አሁንም እግሩ ላይ ነው። እሱንም ያወልቀው እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት እጁን ይዤ ወዴት እንደምወጣ፣ አላውቅም።