ያልተጣሉ ሰዎች ዕርቅ

ቆጣቢ ጓደኛ አላችሁ? ከሌላችሁ ተመስገን በሉ። የእኔው ይበልጣል ይባላል። በአጋማሽ ዓመት እረፍት ሁለታችንም ዳንግላ የማጠናከሪያ ትምህርት እያስተማርን ሳለ፣ «ቅዳሜን ዘንገና ሐይቅ ዳር እንደር፤ አልጋ የሚከራይ ሰነፍ ነው» አለኝ። የተዋሳትን ድንኳን ይዘን እስከ እንጅባራ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ተጓዝን። ጋሪ ለምን አልተሳፈራችሁም ትሉ ይሆናል። ይበልጣል የዚያን ዕለት ፈረስ ሲደክም ማየት አልችልም ብሎ ነዋ!

ድንኳኗን ተክለን እራታችንን፣ ማለትም አንድ እሽግ ብስኩት፣ ልንካፈል ስንል ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ከፊታችን ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ከማን ተጣልታችሁ ነው ሜዳ ላይ የወደቃችሁ?» አሉ አንደኛው።

«ኧረ አባቴ፣ ከማንም አልተጣላንም! ልንዝናና መጥተን ነው» አለ ይበልጣል።

«በዚህ ብርድ?» አሉና የእኔን ፊት አዩት። «እንግዲያው እርስ በርሳችሁ ነው የተጣላችሁ።»

ሽማግሌ ፊት ክርክር ይቻላል? ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ጋሪው ሆዴ አሮ ነበር። ስለዚህ ተነሥተን ይቅር ተባባልን፤ ተቃቅፈንም ተሳሳምን። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወደ አንዳቸው ቤት ይዘውን ሄዱ። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላን፣ ጠላ ጠጣን፣ መደብ ላይ ቁርበት ተነጥፎልን ሞቆን አደርን።

በማግስቱ ስንመለስ ይበልጣል፣ «ለሚቀጥለው ጉዞ ድንኳኑ ይቅር» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ?»

«ጠባችንን።»