የፕሮስቴቴን ጉዳይ ለዕድር የተናገርኩ ዕለት

እኛ ወንዶች ጉድ ነን። ጥርሳችንን ካመመን አገር ይሰማል፤ ወገባችንን ሲቆርጠን የማናውቀውን የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር እናማክራለን። ከእምብርት በታች ከሆነ ግን ጭጭ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለሌላው እንተርታለን እንጂ ለራሳችን አንሰማውም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አትሽኮርመሙ።

እኔ አርባ ምንጭ ባዮሎጂ ሳስተምር ያረጀሁ ጡረተኛ ነኝ። ዓምና ሽንት ያጣድፈኝ ጀመር፤ እሮጣለሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። ባለቤቴ እየገፋች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ልጄ የምትሆን ዶክተር ምንም ሳታፍር አስረዳችኝ። ፕሮስቴት ዕጢ ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ በደም የመጣውን የወንድ ሆርሞን ተቀብሎ የባሰ ኃይለኛ ያደርገዋል። ዕጢው በዚያ እየተገፋ ያድግና የሽንቱን መንገድ ያጠበዋል። ያዘዘችልኝ እንክብል ኢንዛይሙን ይገታል፤ ዕጢውም በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል።

«ወንድነቴስ?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አንዳንድ ሰው ላይ ፍላጎት ይቀንሳል። እርስዎ ላይ ከመጣ ይንገሩኝ እንጂ አይደብቁኝ።»

ይህን ጫኖ ላይ የሙዝ ማሳ ላለው ጎረቤቴ ለአቶ ዶላ ነገርኩት። እሱም እንደኔ ሲቸገር አያለሁና ይጠቅመዋል ብዬ ነበር። «መምህር፣ እሱ እንክብል ኮርማውን ሰንጋ ያደርጋል አሉ» ብሎ ሳቀብኝ። ብዙም ሳይቆይ ሽንቱ ጨርሶ ተዘጋበት። ቀኑን ሙሉ ደብቆ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ በሰው ሸክም ሐኪም ቤት ደረሰ። በቱቦ ወጣለት። ልጠይቀው ስሄድ እጄን ይዞ፣ «ለሰው ጉንፋን ነው በል» አለኝ።

የሱን ምሥጢር ጠበቅሁ። ንዴቴን ግን ምን ላድርገው? ሰው በሐፍረት ሊሞት!

እሑድ በዕድር ስብሰባ መሐል እንደ ልማዴ ለሽንት ብድግ ስል ሊቀመንበሩ፣ «መምህር፣ ዛሬም ረግጠውን ሊወጡ ነው?» ብሎ አሳቀብኝ። ዞርኩ።

«አዎ! ፕሮስቴቴ አብጧል፤ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። የሚያፍር ይፈር፤ እኔ አፍሬ አልሞትም!»

«ኧረ መምህር፣ ሴቶች ባሉበት!» አለ ሊቀመንበሩ።

የገዛ ሚስቱ ከኋላ ተነሳች። «ምን አዲስ ነገር አለው? ሱሪያችሁን የምናጥበው እኛ አይደለንም?»

በማግስቱ ዶላን ለክትትል ይዤው ስሄድ፣ ሊቀመንበሩ ወረፋ ላይ ተቀምጧል። ሲያየን ደነገጠ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ።

ዶላ ማሳ ላይ በሚጣራበት ድምፁ፣ «የኔም ጉንፋን ነበር፤ በቱቦ ነው የወጣልኝ!» አለው።

ተራ ጠባቂው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቀ፤ ስቆ ሳይጨርስ ግን ወደ ሽንት ቤት እየተጣደፈ ወጣ።