በሬ የሆንኩበት ሳምንት

መምህር የሚያስተምረውን ነገር ራሱ ያውቀዋል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ያ ሰው መምህር ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ሆኜ አውቃለሁ። ሰዓት ስለማክበር የሚያስተምረው ባልደረባዬ ደወል ከተደወለ በኋላ ነው እየሮጠ የሚደርሰው። ስለ ጤናማ አመጋገብ የምታስተምረው ባልደረባችን ምሳዋ ለስላሳና ብስኩት ነበር። እኔ ደግሞ ራስን በማህበራዊ ሚዲያ ላይ ስለመጠበቅ አስተማርኩ። ታዲያ ከእኔ ምን ትጠብቃላችሁ?

ጊዜው ስሙን የማልጠራው ያ ሰማያዊ ገጽ ጋምቤላ የገባበት ሰሞን ነው። እኛ በአጭሩ «ሰማያዊው» እንለው ነበር። ክልላችን ራሱ ገና ልጅ ነው፤ ዕድሜው ቢቆጠር ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ብዙም አይበልጥም፤ እንደነሱም የመጣውን ሁሉ ለመሞከር ይቸኩላል። ኔትወርክ ሲኖር ከተማው በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ከተማው በሙሉ ባሮ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤታችን አንድ መምህር ለሥልጠና ይላክ ተባለ። ርዕሱ «የመምህራንና የተማሪዎች ደኅንነት በማህበራዊ ሚዲያ» ነው። የተላክሁት እኔ ነኝ። በዕውቀቴ የተመረጥኩ እንዳይመስላችሁ፤ የሥነ ዜጋ መምህር ስለሆንኩ ነው። የሥነ ዜጋ መምህር ማለት ባለቤት ያጣ ርዕስ ሁሉ የሚወድቅበት ሰው ነው። ወባ መከላከል ሲመጣ እሱ፣ ችግኝ ተከላ ሲመጣ እሱ፣ ሰማያዊው ሲመጣም እሱ። አዳራሽ ውስጥ ቬንቲሌተር ሥር ቦታ ይዤ ስሰለጥን ሰነበትኩና ቦርሳና እስክሪብቶ ተቀብዬ፣ ሊቅ ሆኜ ተመለስኩ።

ክፍል ከመግባታችን በፊት ግን ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ሰሞን ላገባ ነበር። ማለትም እኔ ወስኛለሁ፣ መሠረትም ወስናለች፤ ያልወሰኑት አባቷ ናቸው። መሠረት ከጋምቤላ ከተማ ራቅ ባለችው መቲ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አባቷ ጋሽ አበጋዝ በጎልማሳነታቸው ከደጋ መጥተው እዚያ ጫካ መሃል ቡና ያለሙ፣ ብዙ የማይናገሩ፣ የተናገሩትን ደግሞ የማይመልሱ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልኬ «ልጁን አጣርተን እንነግራችኋለን» የሚል መልስ መጥቶልኛል። እንግዲህ በመጣራት ላይ ነኝ። በመጣራት ላይ ያለ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ለማያውቀው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፣ ቢራ ቤት በር ላይ ቆሞ አያወራም። የመሠረት ወንድም ታምሩ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ ይመዝናል፤ ያን ሰሞን ትርፍ ሰዓቱን እኔን ለመመዘን አውሎታል።

አርብ ከሰዓት ክፍሌን ይዤ ትምህርቱን ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ትእዛዝ ጻፍኩ። የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። ፎቶ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ። ሰውን የሚያዋርድ ነገር አትጻፉ። ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንጫጫዋል፤ እኔ ደግሞ ጠመኔ በያዝኩበት እጄ ግንባሬን እጠርጋለሁ። ይህ የቆየ ልማዴ ነው። ደገኛ ነኝና ላቤ ከትምህርቱ ይቀድማል፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ግንባሬ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ማንም አይነግረኝም። እንዲሁ ሆኜ ገበያ ገብቼ ቲማቲም እከራከራለሁ።

ከኋላ የሚቀመጠው ቾል፣ ገብቶ ሲወጣ ለበሩ ጎንበስ የሚል የኑዌር ልጅ ነው። እጁን አወጣና ጠንካራ የይለፍ ቃል ማለት እንዴት ያለ እንደሆነ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለጥሩ ጥያቄ ጥሩ መምህር ምሳሌ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ሰሌዳ ላይ የውሸት ምሳሌ መጻፍ አይሆንልኝም። «መቲ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩና ከፊቱም ከኋላውም ቁጥር ደረደርኩበት። ቾል አላመነም። ይህ በእውነት አይሰበርም ወይ አለ። ክብሬ ተነካ። እኔ ራሴ ይኸው ስንት ወር ስጠቀምበት ማንም ሰብሮብኝ አያውቅም አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰሌዳ ላይ የተጻፈን ነገር የአገሬ ተማሪ ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ይገለብጠዋል። ቀኑን ይገለብጣል፣ ርዕሱን ይገለብጣል፣ የመምህሩን ስህተት ሳይቀር ይገለብጣል። ክፍሉ በሙሉ አጎንብሶ ሲጽፍ ቆሜ እያየሁ፣ እንዴት ያለ ትጉህ ትውልድ ነው እያልኩ ልቤ ሞቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኬን ብከፍት አገር ስለ እኔ ሲያወራ ውሏል። ሰማያዊው ላይ የእኔ ፎቶ በነበረበት ቦታ አንድ በሬ ቆሟል። ተራ በሬ አይደለም። ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ነጭ፣ ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ የወጣ፣ ካሜራውን ትክ ብሎ የሚያይ፣ በራሱ የሚተማመን በሬ ነው። ከሥሩ ስሜ አለ። ከስሜ ቀጥሎ አንድ የኑዌርኛ ቃል ተጨምሯል። ዝቅ ብሎ ደግሞ እኔው በራሴ ገጽ «ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ይህ ነው፤ በጣም ደስ ብሎኛል» ብያለሁ።

ተማሪዎቼ ተራ በተራ «እንኳን ደስ አለህ ቲቸር» ብለው ጽፈዋል። የኮሌጅ ጓደኞቼ የሳቁትን ሳቅ ግን አልነግራችሁም። አንዱ፣ በመጨረሻ የሚመስልህን ፎቶ አወጣህ ብሎኛል። እህቴ ተጠልፌ እንደሆነ ወይ ታምሜ እንደሆነ እንዳሳውቃት ጠይቃለች። እኔ ባደግሁበት አገር ሰውን በሬ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልገኛል? የማይገባው፣ ሲነዱት የሚሄድ፣ ሲጠምዱት የሚጠመድ ማለት ነው። ወዲያው ትዝ ያለኝ ታምሩ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደግሞ ኔትወርክ አይጠፋም።

መሠረት የደወለችው ጥቂት ቆይቶ ነው። ታምሩ አይቷል፤ ያየውን ለአባቱ አንድም ሳያስቀር ነግሯል። ጋሽ አበጋዝም ተማሪዎቹ በሬ እያሉ የሚሳለቁበትን ሰው ልጄ ባሌ ብላ ልትጠራው ነው ወይ ብለው ከተቀመጡበት ተነስተዋል። የመጨረሻ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ነገሩን በዓይናቸው ለማየት ማክሰኞ በመኪና ይወርዳሉ። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር መሠረት እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

«እኔ ሌላ ሰው አላገባም። እንደምንም ብለህ አስረዳቸው።»

ምኑን ነው የማስረዳው? እኔስ መቼ ገባኝ?

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገባሁና ሰላምታም ሳልሰጥ ይህን ያደረገው ማነው አልኩ። በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ጫማውን ያያል። የእኔ ክፍል ፈገግ አለ። ቾል ሽልማት ሊቀበል እንደተጠራ ሰው ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ ቲቸር። ግን ክፍሉ ሁሉ ተስማምቷል።»

ትእዛዞቼን አላከበርክም ብዬ ጮህኩበት። ተረጋግቶ አንድ በአንድ አስረዳኝ። የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጡም፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፎቶውም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልተለጠፈም፤ በሬው የአባቱ ነው፣ አባቱን አስፈቅዷል። ሰውን የሚያዋርድ ነገር አትጻፉ ማለቴን ሳነሳበት ግን ቾል ግራ ገብቶት ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ቲቸር፣ በሬ ያዋርዳል?»

መልስ የሌለው መምህር ምን ያደርጋል? ወላጅ ያስጠራል። ነገ አባትህን ይዘህ ና አልኩት። ቾል ይህን ሲሰማ ፊቱ ጭራሽ በራ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከክፍል ስወጣ፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት ማንጎው ሥር ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል ጋሽ አበጋዝ፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው። በሌላ በኩል የቾል አባት፣ ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የጠባሳ መስመር የተሰመረላቸው ረጅም ሰው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ እግራቸው ሥር የደረቀ ዓሣ በፌስታል አስቀምጠው። ዓሣው ለእኔ ነው። የተጠሩት ሊመሰገኑ መስሏቸዋል። ዳይሬክተራችን ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ ካስቀመጠ በኋላ ስብሰባ አለብኝ ብሎ በሩን ዘግቷል። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ፊታቸው ቆምኩ። ከዚያ ወንበር መሠረትን አግኝቼ ወይም አጥቼ ነው የምሄደው።

ጋሽ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የቾልን አባት፣ ልጅዎ ይህን ሰው በሬ ብሎታል ሲባል ሰማሁ አሏቸው። ከአባቱ ጎን የቆመው ቾል ተረጎመ። አባቱ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ፣ ብሎታል። ጋሽ አበጋዝ ይቅርታው እስኪከተል ጠበቁ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልመጣም። ይልቁንም የቾል አባት እጃቸውን እያወናጨፉ ብዙ ተናገሩ፤ ቾል ግን በሬው ጥሩ በሬ ነው ይላል ብሎ አሳጠረው።

ጋሽ አበጋዝ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና ያን ሁሉ ተናግረው ይህችን ብቻ አላሉም፤ ሳትቆርጥ ንገረኝ አሉት። ቾል አፈረ። እኔን ላለማየት ወደ ማንጎው ዞሮ ነው የተናገረው።

«ከከብቶቼ ሁሉ እሱን እወዳለሁ ይላል። ልጄ የበሬውን ስም ለአስተማሪዬ ስጥልኝ አለኝ። እኛ ይሄን ለራሳችን ወንድ ልጅ ነው የምንሰጠው። ጎረምሳ ሰው ሲሆን በበሬው ስም ይጠራል፣ በሱ ይዘፈንለታል። ለእንግዳ አንሰጥም፣ እምቢ አልኩ። ልጄ ግን፣ ይሄ ሰውዬ ስንሳሳት አይሰድበንም አለኝ። አማርኛ ሲጠፋን ቆሞ ይጠብቀናል አለኝ። ግንባሩም እንደ በሬው ነው አለኝ። ስለዚህ ሰጠሁ።»

እጄን ወደ ግንባሬ ሰደድኩ። ጠመኔ ነው። ዓይኔን ያራሰው ላብ ነው ብዬ ልዋሻችሁ ነበር፤ ግን ላብ አልነበረም፣ አለቀስኩ። በተማርኩበትም በሠራሁበትም ቦታ ብዙ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ለዚህ ስጦታ ምላሽ ወላጅ አስጠርቻለሁ።

ጋሽ አበጋዝ ግንባሬን አዩት። ከዚያ የሰውዬውን ግንባር አዩት።

«የአያቴን ስም ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ።

«እኔም አላውቀውም። አገሩ ሁሉ በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው።»

ከዚያ ፎቶውን አሳየኝ አሉት ቾልን። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙና ቀንዱን በጣታቸው ተከተሉት። ስንት ዓመቱ ነው፣ ምን ይግጣል፣ ሻኛው ሲነሳ ይህን ያህላል ወይ እያሉ ጠየቁ። እርሳቸው በጎልማሳነታቸው ትተዋቸው የመጡት ሁለት በሬዎች ነበሯቸው፤ ዳማውና ወይኖው ሲሉ ድምፃቸው ቀጠነ። የቾል አባትም የእነዚያን የቀንድ ቅርጽ ጠየቁ፤ ጋሽ አበጋዝ በሁለት እጃቸው አየር ላይ ሣሉላቸው። ቾል በእኔ ፈቃድ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቀርቶ ተረጎመ። በኋላ በኋላማ ትርጉሙንም የሚጠብቅ አልነበረም። ስለ ከብት የሚያወሩ ሁለት ሽማግሌዎች ቋንቋ ምን ያደርግላቸዋል? ስለ እኔና ስለ መሠረት አንድም ቃል አልተነሳም። እኔ እንደቆምኩ ነኝ።

የምሳ ደወል ሲደወል ጋሽ አበጋዝ ተነሱ። የቾልን አባት ትከሻ ለትከሻ ሳሟቸው። ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

«ስሙን ከገጽህ ላይ እንዳታጠፋው።»

ይህ እሺ ነው ወይስ እምቢ? ወዲያው መሠረት ጋ ደውዬ ቃል በቃል ነገርኳት። ከአባቷ አፍ ይህን ያህል ከወጣ ሠርግ አዳራሽ መፈለግ መጀመር እንችላለን አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ቾልና አባቱ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም ሙሽራዋን ከኋላ ካለው ሰው ሁሉ ከልለዋል። እኔም የይለፍ ቃሌን ቀይሬአለሁ። ፎቶውን አልነካሁትም።

አሁን መቲ ሄዳችሁ አማቶቼ ቤት ብትገቡ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ መሠረትን በምረቃ ጋዋኗ ታገኟታላችሁ። ከጎኗ፣ በተመሳሳይ የመስታወት ፍሬም የተሰቀለ፣ ያ በሬ አለ፤ በትልቁ አሳትሞ የወሰደላቸው ታምሩ ነው። የሠርጋችን ፎቶ ጓዳ ነው ያለው። አዲስ እንግዳ መጥቶ ግድግዳውን ቀና ብሎ እያየ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ያለ እንደሆነ፣ ጋሽ አበጋዝ ፊታቸው ላይ ምንም ሳቅ ሳይታይ ይመልሱለታል።

«አማቼ ነው። ጋምቤላ ያስተምራል።»