ሙሽራው የሰጠመበት ኤሲ

[የኮሮና ጭምብል ከመምጣቱ በፊት የነበረው ጂላል ነው፤ ያ የደረቁ ወራት። ጅጅጋ ላይ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆነጥጣል፤ ወደ ደገሀቡር ሲወረድ ግን ፀሐይዋ ጉልበት ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። ደስም ይል ነበር ያኔ፤ ሰው ሁሉ ሰርግ ነበረው። የሙሽራዋን የሂባቅን የሰርግ ኬክ ታቅፌ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ክሬሙ ላይ ከስኳር የተሠሩ ሙሽራና ሙሽሪት ቆመዋል። አጎቷ ጉሃድ ከፊት ነው፤ «ኬኩ ከቀለጠ ይህን ሂና የነከርኩትን ጢም እላጨዋለሁ» ብሎ ለአማቾቿ ምሏል። መሪውን የያዘው ሙላቱ ነው፤ ጉሃድን እንደ አገሬው «አዴር» ይለዋል፣ አጎቴ እንደማለት። መንገድ ዳር ቆመናል፤ ሞተሩ አልጠፋም፤ ኤሲው ግን ጠቅ እያለ ይቆማል።]

ጉሃድ: ጋዝ አንሶት ነው አልኩህ!

ሙላቱ: የኤሲውን ጋዝማ ትናንት አስሞላን እኮ፣ አዴር።

ጉሃድ: እንግዲያው በዝቶበት ነው።

ሙላቱ: አሁን አነሰ አላሉም?

ጉሃድ: ሲያንስም ሲበዛም ያው ጠቅ ነው የሚለው! ያን ሁሉ ዘመን መለዋወጫ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጥኩት በከንቱ መሰለህ?

ሙላቱ: እየሸጡ?

ጉሃድ: ሲሸጡ እያየሁ!

[ጠቅ። ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ጠቅ። ሄደ።]

ሙላቱ: ጀመረ... ተወ። ይሄ ኮምፕሬሰር አኩርፎ ይሆን?

ጉሃድ: ዝም በልና ሙሽራውን እይልኝ።

ሙላቱ: [ዞር ብሎ] ክሬሙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ሰጥሟል።

ጉሃድ: ሙሽሪቷስ?

ሙላቱ: ደህና ናት። ቀሚሷ ሰፊ ስለሆነ ተንሳፍፋለች።

ጉሃድ: [ጢሙን በእጁ ሸፍኖ] ያ ረቢ! ኮፈኑን ክፈት!

ሙላቱ: ከፍቼ ምን ልበለው?

ጉሃድ: ምንም አትበለው፤ አዳምጠው!

ሙላቱ: [ወርዶ፣ ጆሮውን ደግኖ] ጠቅ ይላል።

ጉሃድ: እሱንማ እኔም ሰማሁ! ጉሮሮዬን አደረቅኸው።

[ጉሃድ ወርዶ ከመኪናዋ ፊት ፍርግርጉ ላይ የታሰረውን ትልቅ ጄሪካን ፈታ። ጄሪካኑ እርጥብ ጆንያ ለብሷል፤ በዚያ መንገድ የመጠጥ ውሃ የሚቀዘቅዘው እንዲህ ነው። አንስቶ ጠጣ።]

ሙላቱ: አዴር! ቀዘቀዘ! ጠቅ ማለቱን ተወ!

ጉሃድ: ፈርቶኝ ነው። የሚያውቀው ሰው ሲቆምለት እንዲህ ነው።

[ጄሪካኑን መልሶ አሰረ። ትንሽ ቆይቶ፦ ጠቅ።]

ሙላቱ: ተመለሰበት። ገባኝ፣ አዴር! እርስዎ ሲጠጡ ነው የሚሠራው።

ጉሃድ: ወረያ፣ አንተ፣ ጤና የለህም?

ሙላቱ: ይሞክሩታ!

[ጉሃድ ፈትቶ ጠጣ። ነፋሱ ቀዘቀዘ።]

ሙላቱ: አላልኩም? ይጠጡ! ሙሽራው ወገቡ ድረስ ገብቷል!

ጉሃድ: ሆዴ እኮ...

ሙላቱ: ጢምዎን ያስቡ!

ጉሃድ: ደገሀቡር ድረስ ልጠጣ ነው?

ሙላቱ: እንዳልረዳዎት መሪ ይዣለሁ። ታቅፈውት ይግቡና ቀስ እያሉ ይጎንጩ።

[መንገድ ላይ ነን። ጄሪካኑ ጉሃድ ጭን ላይ ነው፤ አዲሱ ሽርጡ ረጥቧል። ኤሲው ጠቅ ሳይል ይነፍሳል።]

ሙላቱ: አዴር፣ እየጠጡ አይደለም!

ጉሃድ: ካቆምኩ ቆየሁ። ቅዝቃዜው ግን አለ... [ተነስቶ ጣሪያው መታው] ውሃው አይደለም! ጆንያው ነው! የኤሲው ራዲያተር ፊት ተደቅኖ ነፋስ ከለከለው፤ ሲታፈን ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል! አየህ፣ ገባኝ! ማነው ይህን እዚያ ያሰረው ደንቆሮ?

ሙላቱ: እርስዎ ነዎታ። እኔ ኋላ ላስቀምጠው ስል «የመኪናዋ አፍንጫ ሲቀዘቅዝ ኤሲው ይበረታል» ብለው።

[ጉሃድ ጄሪካኑን ከጭኑ አወረደ።]

ጉሃድ: መኪናዋን አቁም።

ሙላቱ: መልሰው ሊያስሩት?

ጉሃድ: ሽንቴ ነው፣ አንተ!

[ኬኩ ደረሰ። ሙሽራው እስከ ደረቱ ሰጥሞ ነበር፤ አማቾቹ የዘንድሮ ፋሽን መስሏቸው አደነቁት። ጢሙም ተረፈ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሙላቱ አሁን የት እንዳለ አልሰማሁም። ጉሃድ ዛሬ አውበሬ ከተማ ነው፤ ፍሪጅ ይጠግናል።]