አፍ የፈቱበትን ቋንቋ የሚያርም ሰው

አንድ ዓመት ስፓኒሽ ተምሮ፣ በስፓኒሽ አፉን የፈታን ሰው የሚያርም ጉደኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም የአክስቴ ልጅ!

እዚህ አሜሪካ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት ዶኛ ማርታ የኤልሳልቫዶር ሴት ናቸው። እናቴ ዌርሃውስ ሥራ ስትገባ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በአገራቸው አነጋገር «ሲፖታ» ይሉኛል፤ «አንቺ ልጅት» እንደማለት ነው። ቅዳሜ ዕለት ያ የአክስቴ ልጅ አቤል ከሚኖርበት ከፍሪስኮ መጥቶ ይህንን ሰማ።

«ስታንዳርዱ እኮ ‹ኒኛ› ነው» አላቸው፣ በዚያ በክላስ ስፓኒሹ።

እናቴ ደነገጠች። «አንተ! ሴትዮዋን አፍ ልታስፈታቸው ነው?»

«ማለቴ፣ ሄልፕ ላድርጋቸው ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

እስኪ ፍረዱኝ! ሰባ ዓመት የተናገሩበትን አፍ በአንድ ዓመት ደብተር?

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ሳገኛቸው አንገታቸውን ደፍተው «ኒኛ» አሉኝ። ስሜን የተቀማሁ መሰለኝ።

«እንደ ድሮው ካልጠሩኝ ትምህርት ቤት አልሄድም!» ብዬ ቁጭ አልኩ።

ባሱ መጣ፤ ቆመ፤ ጥሎኝ ሄደ። ይኼኔ ትዕግሥታቸው አለቀና የትኛውም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ፣ የመንደራቸውን ስድብ አወረዱብኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።