ሳይነግሩ የሚያነሱት ወይዘሮ ሰኢዳ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ተዘጋጁ» ሳይል ፎቶ የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። አዋሽ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት ማንም ሳይሾማቸው የተረከቡት ክብርት ወይዘሮ ሰኢዳ ናቸው። ከወሎ መጥተው ከፎቶ ቤቴ ጎን ቁርስ ቤት ከፍተዋል። በአንድ እጃቸው የፉል ሰሃን፣ በሌላው ስልክ ይዘው ነው የሚውሉት።

እኔ ደግሞ ሙያተኛ ነኝ። መብራት አስተካክላለሁ፣ አገጭ ቀና አስደርጋለሁ፣ ኮሌታ እጎትታለሁ። እሳቸው ሰውን እየጎረሰ፣ እያዛጋ፣ እየተጨቃጨቀ ያነሱታል። ካነሷቸው ሰዎች ግማሹ አናት የለውም።

«እትዬ ሰኢዳ፣ ይሄ እኮ ተንቀጥቅጧል» እላቸዋለሁ።

«እየሳቅሁ ነዋ ያነሳሁት። ፍሬ፣ ሰው ሲዘጋጅ ፊቱን ይዘጋል» ይሉኛል።

የጎረቤታችን የሀምዳ ሰርግ ላይ ዘመዶቿን በቁመት ስደረድር ዋልኩ። ወይዘሮ ሰኢዳ ግን ሙሽራይቱ የጠበባትን ጫማ አውልቃ ከእህቷ ጋር ስትንከተከት አነሷት። ሀምዳ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው የትኛውን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ለብዙ ቀን አኩርፌ፣ ቁርሴን ሌላ ቤት በላሁ።

አምና ታላቅ ወንድሜ ስዩም የሚነዳው የጭነት መኪና ከገዋኔ ወዲያ ተገለበጠ። ሰመራ ወስደው ሆስፒታል አስተኙት። ይትረፍ አይትረፍ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እየተመላለስኩ ሳስታምመው፣ መንገዱን የማትችለው እናታችን ወይዘሮ ሙሉሐረግ እቤት ሆና ስልክ ትጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ሰኢዳ ቁርስ ቤታቸውን ዘግተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። «አብሽሪ፣ አላህ ይመልሰዋል» ይሏታል።

መለሰው። በሚኒባስ ይመጣል በተባለበት ቀን፣ ይህችን ሰዓትስ በወግ አስቀራታለሁ ብዬ ካሜራዬን በሦስት እግሩ ደጃፍ ላይ ተከልኩ። ብርሃኑን ለካሁ። እናቴን የምትቆምበትን ቦታ አሳየኋት።

ሚኒባሱ ቆመ። ስዩም ክራንቹን አስቀድሞ ወረደ። እናቴ ያሳየኋትን ቦታ ትታ ሮጠች። «ወደዚህ ዙሩ» ልል አፌን ከፈትኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ሁለቱም ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር። ካሜራዬ እንደተተከለ ቀረ፤ አንድም አላነሳሁም።

በማግስቱ ወይዘሮ ሰኢዳ ስልካቸውን አቀበሉኝ። ፎቶው ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። ክራንቹ አየር ላይ ነው። የእናቴ ነጠላ መሬት ወድቋል። የስዩም ፊት ግማሹ በእኔ ትከሻ ተሸፍኗል፤ የእኔ አፍ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ግን ሦስታችንም አለን።

ያኔ ነው የገባኝ። በቤታችን አልበሞች ውስጥ እኔ የለሁም። ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነኝ። ካደግን ወዲህ ከእናቴና ከወንድሜ ጋር ያለሁበት ፎቶ ይሄ ብቻ ነው።

«ተጣሞብኛል መሰለኝ፣ ቆርጠህ አስተካክለው» አሉኝ አፈር ብለው።

«አልነካውም» አልኳቸው። እሳቸውም ምስጋናዬን ሳይጠብቁ ወደ ፉላቸው ሄዱ።

ትልቅ አድርጌ አትሜ ፎቶ ቤቴ መግቢያ ላይ ሰቀልኩት። ደንበኞች ቆም ብለው ያዩትና ማን እንዳነሳው ይጠይቁኛል። ቁርስ ቤቱን አሳያቸዋለሁ። አንዳንዱ እኔን ትቶ ወደዚያው ይሄዳል። ይሂድ።