ጋሽ ተስፋዬ ምሳ ሲወጡ

እኛ ሰፈር ሥራ ሲዘገይ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሰው መጨመር። ቱሉ ዲምቱ፣ የእኛ ብሎክ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ኤሌክትሪሻን የሚጠራ ሰው ይላካል። እሱ ሲቀር እሱን የሚጠራ ይላካል። ትንሽ ቆይቶ ግማሹ ብሎክ የኤሌክትሪሻኑ በር ላይ ቆሞ ወሬ ሲሰልቅ ይገኛል፤ ሰውየው ግን ለቅሶ ሄዷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ሎሚው ያለበት ቤት ከተቆለፈ ሃምሳው ሰው ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኮምፒውተርም አለበት!

የምሠራው ቃሊቲ፣ የከባድ መኪና ጭነት በሚያስተናግድ ድርጅት ውስጥ ነው። መኪኖቹ ከግቢ የሚወጡት መቅደስ በጻፈችው ፕሮግራም ነው። መቅደስ ገና የሙከራ ቅጥር ላይ ናት፤ ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ተስፋዬ ካልፈረሙላት ዓርብ ትሰናበታለች። ፕሮግራሟ ደግሞ፣ አያድርስ ነው፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ቀጥ ይላል። ሾፌሮቹ በር ላይ ጥሩንባቸውን ያንባርቁታል። ጋሽ ተስፋዬ ከምሳ ሲመለሱ ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራት ይጀምራል።

«እኔ ሳለሁ የሚሠራ፣ ስወጣ የሚቆም ነገር ምን ዓይነት ነው?» አሉ። «ልጅቷ ትነካካዋለች!»

መቅደስ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ንድድ ብሎኝ ምሳዬን ትቼ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሰርቨር ስናየው በትሬድ ተጨናንቋል። ትሬድ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለፕሮግራም የሚመድብለት የጉልበት ሠራተኛ ነው በሉት። የፕሮግራሚንግ ቋንቋውም ራንታይም የሚባል ካቦ አለው። ካቦው አንዱ ሠራተኛ ፋይል ሊጽፍ ሄዶ ከቀረ፣ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ሌላ ያመጣል። እሱም ይቀራል፤ ሌላ ያመጣል። «ኧረ እነዚያ ሰዎች የት ቀሩ?» ብሎ መጠየቅ የለም። በመጨረሻ ግቢው በሠራተኛ ይሞላና ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። መቅደስ እያንዳንዱ ትሬድ የት እንደቆመ አንድ በአንድ ብታወጣው፣ ሁሉም የተኮለኮሉት አንድ በር ላይ ነው፤ የጋሽ ተስፋዬ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፎልደር። «የሚወጣው መኪና ሁሉ የመውጫ ሰነዱ ኮፒ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ቢሯቸው ሄደን አየን። የኮምፒውተሩ ገመድ ከሶኬት ተነቅሎ በሥርዓት ተጠቅልሏል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው፣ ምሳ በወጡ ቁጥር ይነቅሉታል። አትፍረዱባቸው፤ እናንተስ ፍሪጃችሁን አትነቅሉም?

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ማን ይንገራቸው? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። መቅደስ ዕንባዋን ጠርጋ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ችግሩን አግኝተነዋል» አለቻቸው ሲገቡ። «ሲስተሙ እርስዎ ከወጡ አይሠራም።»

ዋሸች? ምን በወጣት!

ጋሽ ተስፋዬ ፊታቸው በራ። «እኔስ ምን አልኩ!» አሉና እዚያው ፈረሙላት።

በማግስቱ ኮፒው መጀመሪያ እኛው ጋ እንዲቀመጥ፣ ወደ እሳቸው የሚያደርሰውም አንድ ትሬድ ብቻ እንዲሆን አደረግን። አሁን ቢወጡም ባይወጡም፣ ቢነቅሉም ባይነቅሉም ይሠራል። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ምሳ ወጥተው አያውቁም። «እኔ ከተነሳሁ መኪና ይቆማል» እያሉ ጠረጴዛቸው ላይ የቀዘቀዘ ፓስታ ይበላሉ። ከስተዋል፤ አንጀቴን ይበሉታል። እስቲ ደፋር ካላችሁ ቃሊቲ ብቅ በሉና ንገሯቸው።